የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ሲጮህ ማን ይሰማል?

ከእረፍት ስንመለስ አምስት የክበባችን አባላት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ነበር። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰንዳፋን እንዳለፍን ረዳቱ ከሹፌሩ በላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ከፍቶ አንድ የአማርኛ ፊልም አስጀመረ። መንገደኛው ሁሉ ወሬውን ትቶ አንጋጠጠ። አለልቱን አልፈን ሸኖ ልንገባ ስንል ታሪኩ ጡዘቱ ላይ ደረሰ። እናትየዋ አልጋ ላይ ናት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰው ልጇ አጠገቧ ተንበርክኳል። አንድ ነገር ልትነግረው አፏን ከፈተች። ልክ በዚያች ሰዓት ሙዚቃው እንደ በረዶ ወረደብን። ከበሮ ነው አይባል፣ ቫዮሊን ነው አይባል፣ ብቻ የአውቶቡሱ መስታወት ነዘረ። የእናትየዋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ቃሉ ግን የለም። ከአጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው «ምን አለችው ልጄ?» ብለው ጠየቁን።

ከአምስታችን አንዳችንም አልሰማንም። ከፊት ያሉትን ጠየቅን፤ እነሱም አልሰሙም። እማማ እስከ ጫጫ ድረስ «እንግዲህ ምን ብላው ይሆን?» እያሉ ሄዱ። ፊልሙ አልቆ ሌላ ዘፈን ተከፍቶ እንኳን እሳቸው እዚያችው አልጋ አጠገብ ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከእማማ ጥያቄ ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ ተበትነን ስናስተምር ፊልም እናሳያለን፤ ድራማ እናዘጋጃለን፤ ተረት ቀርጸን እናሰማለን። ስለዚህ በፊልም ማጀቢያ ውስጥ የሚገባው ኃይለኛና ሻካራ ሙዚቃ ምን እንደሚሠራ፣ ምንስ እንደሚያበላሽ ማወቅ ከሙያችን የሚርቅ ነገር አይደለም።

ከቃሉ እንጀምር። ማጀቢያ የሚለው ቃል የመጣው «አጀበ» ከሚለው ግሥ ነው። አጃቢ ከጎን ወይም ከኋላ ይሄዳል። ታጃቢውን ከጋረደውማ አጃቢነቱ ቀረና ራሱ ባለጉዳይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ አውቶቡስ የሆነው ይኸው ነበር።

ታዲያ ኃይለኛ ድምፅ ሁሉ ጥፋት ነው ልንል አይደለም። እንዲያውም በፊልም ውስጥ ቦታ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ድንገተኛ ጩኸት ጆሯችን እንደደረሰ፣ አእምሯችን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከመመርመሩ በፊት፣ ዓይናችን ይጨፈናል፤ አንገታችን ይሰበሰባል፤ ትከሻችን ወደ ላይ ይነሣል። ይህ የሚጀምረው ከአንድ ሴኮንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ማንም አላስተማረንም፤ አብሮን የተወለደ ነው። ደፋርም ፈሪም፣ የተማረም ያልተማረም ይደነግጣል።

የእኛ አገር ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ወይም መንዝ ጓሳ ጭላዳ ሲግጥ ያየ ሰው ያውቀዋል። መንጋው ሣሩን እየነጨ ያጉረመርማል፤ እርስ በርሱ ያወራል ቢባል ይቀላል። ነብር ወይም ውሻ የታየ እንደሆነ ግን አንዱ በሻካራ፣ በተቆረጠ ድምፅ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ጭላዳው ድምፁን «አሳምሮ» አይጮኽም። ፍርሃት ጉሮሮውን ከልኩ በላይ ስለሚያስጨንቀው ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ይሻክራል። የሚሰማውም አካል መሻከሩን እንደ አደጋ ምልክት ይቀበለዋል።

በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትን ጠባይ የሚያጠኑት ዳንኤል ብለምስታይን ማርሞት በሚባሉ የተራራ እንስሳት ጩኸት ላይ ሲሠሩ የቆዩ ሰው ናቸው። እኚህ ተመራማሪ የእንስሳቱን ነገር ወደ ሲኒማ አመጡትና እ.ኤ.አ. በ2010 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የ102 ፊልሞችን ድምፅ መርምረው ጥናት አወጡ። በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥ የሴት ጩኸትና የሻከረ ድምፅ ከሚጠበቀው በላይ በዝቶ ተገኘ፤ በአሳዛኝ ድራማዎች ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ሻካራ ጩኸት ተቆጥቦ ነበር። የፊልም ሠሪዎቹ የማርሞትን ጠባይ አጥንተው አይመስለንም። ጆሯቸው መራቸው።

ከዚህ የበለጠ ትኩረታችንን የሳበው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ተከታይ ጥናት ነው። ሆን ተብሎ የተቀናበረ ሙዚቃ፣ አንዳንዱ ለስላሳ፣ አንዳንዱ መሐል ላይ የሚሻክር፣ ለሰዎች ተሰማ። ሻካራውን ብቻውን የሰሙት የበለጠ እንደሚያነቃቸውና የበለጠ ደስ እንደማይል ተናገሩ። ያው ሙዚቃ ምንም አስደንጋጭ ነገር ከሌለበት ምስል ጋር ሲቀርብ ግን የማንቃት ኃይሉ ደከመ፤ ደስ አለማሰኘቱ ግን እንዳለ ቆየ። አንባቢያን ይህችን ነጥብ ልብ ይሏታል። ምስሉ ባዶ ሆኖ ሙዚቃው ቢጮህ ተመልካቹ አይደነግጥም፤ ይሰለቻል እንጂ። አውቶቡሱ ውስጥ ሻይ ሲቀዳም፣ በር ሲከፈትም፣ ደብዳቤ ሲነበብም ያው ጩኸት ነበር። እናትየዋ ዘንድ ስንደርስ ጆሯችን ለምዶት፣ ልባችን ሸሽቶ ነበር።

ጩኸት በቦታው ሲገባ እንዴት እንደሚሆን ለማየት በዓለም የታወቀውን ምሳሌ እናንሳ። የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ። አንዲት ሴት ገላዋን እየታጠበች በቢላዋ የምትገደልበት ትዕይንት አለው። አዘጋጁ ሂችኮክ ትዕይንቱ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ነበር ያሰበው። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን የራሱን ጽፎ አሰማው፤ ሂችኮክም ሰምቶ ሐሳቡን ቀየረ። ኸርማን በፊልሙ በሙሉ የተጠቀመው በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ነው፤ መለከት የለ፣ ከበሮ የለ። ቫዮሊኖቹ በመጨረሻው ቀጭን ድምፃቸው እንደ ወፍ ይንጫጫሉ።

ለምን ሠራ? ከዚያ በፊት ያለው የውኃ ድምፅ ብቻ ነው። ጸጥታው ተመልካቹን አዝናንቶ፣ ጆሮውን ከፍቶ አስቀምጦታል። ደግሞም፣ ይህ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የማንሰማው ነገር ነው፣ ቫዮሊኖቹ የሚሸፍኑት አንድም ቃል የለም። የሚነገር ነገር በሌለበት ነው የጮሁት። ይኸው ሂችኮክ ከሦስት ዓመት በኋላ «ወፎቹ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የማጀቢያ ሙዚቃን ጨርሶ ተወው፤ በወፍ ድምፅና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በተሠራ የክንፍ ጫጫታ ብቻ አስፈራ። ኸርማንም የድምፅ አማካሪው ሆኖ አብሮት ሠርቷል። ሙዚቃ ጸሐፊ ሆኖ «እዚህ ላይ ሙዚቃ አያስፈልግም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም!

ይህ ዕውቀት ከውጭ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን። የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ተቀምጠው ሲገዙ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው። ነጋሪት ኃይለኛ ነው፤ ገበያተኛውን ሁሉ ያቆመዋል። ሰው ሲሰበሰብ ግን ጉሰማው ይቆማል፤ አዋጁም ይነገራል። ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ የሚናገር አዋጅ ነጋሪ ቢኖር ሕዝቡ ምን ሰምቶ ይገባ ነበር? (የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ስሙን ከዚሁ ነጋሪት ነው የወሰደው።) ማኅሌት የቆመም ያውቃል። ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይባላል፤ በዝማሜው መቋሚያ ይወዛወዛል፤ በመረግዱ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ጽፋት ላይ ሲደርስ ነው ከበሮው የሚፈጥነው፣ ጭብጨባው የሚደምቀው። እዚያ ላይ ድምፁ ቢያስተጋባ ማንም ጆሮውን አይዝም፤ ደረጃ በደረጃ ተወስዶ ደርሷላ! አዝማሪውም ቢሆን ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው መሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ያደምጣል። ካላደመጠ ምኑን ይቀበላል?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሻካራ» የምንለው ሁሉ በተፈጥሮ ሻካራ አይደለም፤ ጆሮ የለመደውም ይወስነዋል። የእኛ አንቺ ሆዬ ቅኝት በጣም የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉት የአውሮጳን ሙዚቃ ብቻ የለመደ ጆሮ ውጥረት ይሰማበታል፤ ለእኛ ግን የሠርግ ቤት ዜማ ሊሆን ይችላል። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» (እ.ኤ.አ. 2005) የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙላቱ አስታጥቄ ቀደም ብሎ የቀረጻቸውን ሙዚቃዎች ተጠቅሟል። በታሪኩ ውስጥ ትውልዱ ከኢትዮጵያ የሆነ ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሙዚቃውን ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም መኪናውን እየነዳ ይሰማዋል። የውጭው ተመልካች ከሙዚቃው ምሥጢርና ጥርጣሬ ያነባል፤ እኛ ደግሞ የአዲስ አበባን ምሽት። ድምፁ ግን አይጮህም፤ ከመኪናው ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ በልኩ ይሰማል።

አሁን የቋንቋ ሰልጣኞችን በቀጥታ ወደሚመለከተው ጉዳይ እንግባ። ሙዚቃ ንግግርን ሲጋርድ እኩል አይጋርድም። በንግግራችን ውስጥ አናባቢዎቹ ጉልበት አላቸው፤ ረጅም ርቀት ይሄዳሉ። ተነባቢዎቹ፣ በተለይ እንደ ሰ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ ያሉት፣ ደካሞች ናቸው። ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ሲጎላ ደግሞ ከእሱ ቀጠን ያለውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ከሙዚቃው በታች የሚተርፈው «አ...ኧ...ኢ» ብቻ ይሆናል፤ ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይታወቅም።

በአማርኛ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ መጥበቅና መላላት አለብንና። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዶሮው ይበላል» ብንል ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ይሁን ወይስ ወጥ ሆኖ ይቅረብ የምናውቀው በጥብቀቱ ብቻ ነው። ጥብቀት ማለት ደግሞ ተነባቢው ትንሽ ረዘም ብሎ መያዙ ነው። ይህችን ቅጽበት ከበሮ ከሞላት ጠፋች ማለት ነው። በመጽሐፍ ላይ ፊደሉ ስለማይለያቸው ከአረፍተ ነገሩ እንገምታለን፤ በፊልም ግን የሚለያቸው ድምፅ ነበር።

እስቲ የአውቶቡሷን እናት መልሰን እናስባት። ለልጇ «አባትህ አለ...» ብላው ቢሆንስ? ላልቶ ከሆነ አባቱ የተናገረውን ልትነግረው ነው። ጠብቆ ከሆነ አባቱ በሕይወት አለ! በአንዲት ለ ምክንያት የልጁ ዕጣ ይለወጣል። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ብላው ይሁን አይሁን አናውቅም። ግን እማማ እስከ ጫጫ የተጨነቁት በከንቱ አልነበረም።

ፊልም ሠሪዎቻችን ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በብዛት መታየት ሲጀምሩ ብዙ ነገር በጥቂት ገንዘብ መሠራት ነበረበት። ድምፅ መቅረጫው ካሜራው ላይ ከሆነ ከተዋናዩ ይልቅ የሚቀርበው ነፋሱ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ይፍረድ። ጀነሬተሩም አለ፤ መንገዱም አለ። ንግግሩ ሲበላሽ ሙዚቃ ይደረብበታል። ቁስልን በነጠላ መሸፈን ነው፤ ደሙ ግን ይወጣል። ሌላም አለ፤ ተዋናዩ ሐዘኑን በፊቱ ማሳየት ያቃተው እንደሆነ ሙዚቃው «እዘኑ!» ብሎ ያዝዘናል። ድሮ በአዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ያኔ ሰው የተገረመው በሚንቀሳቀሰው ሥዕል ነው እንጂ በጩኸት አልነበረም።

ሁሉንም በፊልም ሠሪው ላይ መደፍደፍም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለትልቅ አዳራሽ የሚቀናበር ፊልም ንግግሩ ዝቅ፣ ፍንዳታው ከፍ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ጸጥ ባለ አዳራሽ ልዩነቱ ያምራል። ያንኑ ፊልም በሞተር ጩኸት መካከል ስንከፍተው ንግግሩ አይሰማም፤ ረዳቱ «አይሰማም!» ይባላል፤ ድምፁን ይጨምራል፤ ቀጥሎ ሙዚቃው ሲመጣ አብሮ የተጨመረ ነውና ጣሪያ ይነካል። በክፍል ውስጥም እኛው መምህራኑ ይህንኑ እናደርጋለን።

የጆሮውንም ጤና በአጭሩ እንለፈው። ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 100 ከሆነ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ አድማጭ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲል፣ ለልጆች ወደ 75 ዝቅ ያደርገዋል። ተማሪዎቻችን ልጆች ናቸው። ጆሮ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ እንደ ጉልበት ቁስል አይሽርም።

ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። ባለፈው ልምምድ አራተኛ ክፍል ውስጥ የጅብና የአህያ ተረት ቀርጸን አሰማን። «ሕይወት ይኑረው» ብለን ጅቡ ሲመጣ ከአንድ የውጭ ፊልም የቀዳነውን የሚያጓራ ሙዚቃ ጨመርንበት። ክፍሉ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። ግማሹ ልጅ ጮኸ፤ ግማሹ ሳቀ። ከዚያ «ጅቡ አህያዋን ምን አላት?» ብለን ስንጠይቅ እጅ ያወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም የመለሱልን «እንዲህ ነው ያደረገው» እያሉ ጩኸቱን በማስመሰል ነበር። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ደወል እስኪደወል እጇን ከጆሮዋ አላወረደችም። ክፍሉን የሚያስተምሩት መምህርት ስንወጣ ጠብቀውን «ልጆቼ፣ ያስደነገጣቸው ጅቡ ነው ወይስ እናንተ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ያንኑ ተረት ያለ ቴፕ፣ በቃል ነገርናቸው። ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ዝም አልን፤ አራት አምስት ሴኮንድ ያህል። ከዚያ አንዱ ጓደኛችን ከኋላ ሆኖ ጠረጴዛውን በጣቱ ቀስ ብሎ ሁለቴ አንኳኳ። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ትንፋሻቸውን ያዙ። ያቺ ልጅም እጇ ደብተሯ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ በክበባችን ስንወያይ ግን ሁላችንም አልተስማማንም። አንዱ ጓደኛችን «ጦርነትን ወይም ቀይ ሽብርን የሚያሳይ ፊልም ጆሮን ካላሳመመ ዋሽቷል» ሲል ተከራከረ። እውነት አለው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ስለዚያ ዘመን ሲያወሳ ተመልካቹ እንዲመቸው ብሎ አያባብልም። እኛም ተመልካች ሁልጊዜ ይመቸው አላልንም። ነገር ግን የዚሁ ሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በዝግታ እየሄደ፣ በባላባቱ ስር ያለውን ገበሬ ልፋት በረጃጅም እይታ ያሳየናል፤ ልብ የሚከብደው ጣሪያ በሚነካ ሙዚቃ አይደለም። ጓደኛችን «እሺ፣ ግን ያም ያም ያስፈልጋል» አለ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ቆሟል። የሚያስቀጥለው አንባቢ ካለ ዓምዱ ክፍት ነው።

ለልምምድ የሚሆን ሥራ እነሆ። ከማንኛውም ፊልም ሁለት ደቂቃ ያህል ምረጡ፤ የሚነገር ነገር ያለበት ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ተመልከቱና የገባችሁን ጻፉ። ቀጥሎ ምስሉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ የሰማችሁትን ንግግር ቃል በቃል ገልብጡ፣ የሚጠብቀውን ፊደል ከሥሩ አስምሩበት። ማስመር ያቃታችሁ ቦታ ሁሉ ሙዚቃው የበላው ነው። በመጨረሻ ያንኑ ምስል አንዴ በመሲንቆ፣ አንዴ በከበሮ፣ አንዴ በዝምታ አጅባችሁ ለሌላ ጓደኛ አሳዩና «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መሲንቆውና ከበሮው ከማበልጸጊያ ማዕከሉ በፊርማ ይገኛሉ። የጻፋችሁትን የሚቀጥለው እትም ከመለጠፉ በፊት ከጋዜጣው ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ክተቱልን። መምህራንም ቢሞክሩት አንከለክልም።